መድፉ በሚቀጥለው ደብዳቤ ይተኮሳል

ጥቅምት 4

ልጄ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ደህና ነኝ። ጣሪያው አያፈስም፣ ምድጃው ይሠራል፣ ጉልበቴም እንደተውሽው ነው። ይህን ባለፈውም ጽፌልሽ ነበር። ከእንግዲህ አዲስ ነገር ከሌለ «ያው ነው» ብዬ አልፈዋለሁ። ወረቀት ለመቆጠብ እንጂ ኩርፊያ እንዳይመስልሽ።

አሁን ወደ ውጊያው። ኮረብታውን እንዲመቱልሽ አዘሽ መድፎችሽ ለምን ዝም እንዳሉ ጠይቀሻል። ዝም አላሉም፤ ትእዛዝሽን ተቀብለዋል። የሚተኩሱት ግን በሚቀጥለው ደብዳቤሽ ነው። እግረኛ በተጻፈበት ደብዳቤ ይንቀሳቀሳል፤ መድፍ አንድ ደብዳቤ ይጠብቃል፤ አንዴ የታዘዘ ደግሞ አይሰረዝም። ይህ አዲስ ሕግ አይደለም። እዚህ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠን ስንጫወት፣ እግርሽ ከወንበር ወርዶ መሬት በማይነካበት ጊዜም፣ መድፍ አንድ ዙር ይጠብቅ ነበር። ያኔ አንድ ዙር ማለት እናትሽ ሻይ እስክታፈላ ነበር። አሁን ደብዳቤ ሄዶ እስኪመለስ ሆነ። ሕጉ ያው ነው፤ የራቅሽው አንቺ ነሽ።

«እስኪተኩሱ ድረስ እርስዎ ኮረብታውን ለቀው ይሄዳሉ» ላልሽው፣ አዎን፣ እሄዳለሁ። መድፍ እስኪወድቅበት እጁን አጣጥፎ የሚጠብቅ ጠላት የለም። የት እንደምሄድ አስቀድሞ መገመት ያንቺ ሥራ ነው። ትእዛዝሽን እንደ ወትሮው በትንሽ ወረቀት ጽፈሽ፣ አጥፈሽ፣ በሙጫ አሽገሽ ከደብዳቤሽ ጋር ላኪልኝ፤ ቀጣዩ ደብዳቤሽ እስኪደርሰኝ አልከፍተውም። የእኔንም አብሬ ልኬልሻለሁ። ብርሃን ላይ አንስተሽ እንደማታዪው አውቃለሁ።

ይህ የድልድይ ውጊያ እኔ ከመወለዴ በፊት የተደረገ ነው። የማውቀው ሽፋኑ ከተቀደደ አሮጌ መጽሐፍ ነው፤ ካርታውን እኔው ሣልኩት፣ ሕጉን እኔው ጻፍኩት። መድፍን ግን ከመጽሐፍ አልተማርኩም። በወታደርነቴ ከመድፎቹ እስከ ተመልካቹ ጉድጓድ የስልክ ሽቦ የምዘረጋው እኔ ነበርኩ። ተመልካቹ ጠላትን ያያል፤ በሽቦው ይናገራል፤ መድፎቹ ከኮረብታ ጀርባ ሆነው ምንም ሳያዩ ይተኩሳሉ። ሽቦው ከተበጠሰ መድፍ አለኝ ማለት አይቻልም። የሚበጥሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ጠላት ሳይሆን የራሳችን ጋሪ ነበር።

ሌላው ጥያቄሽ። የዱቄት ማከማቻ የነበረውን ክፍል አጽድታችሁ አልጋ እንዳስገባችሁልኝ፣ መጥቼም ከእናንተ ጋር እንድኖር ጽፈሻል። ባልሽን አመስግኚልኝ። መልሴን ጨዋታው ሲያልቅ እሰጥሻለሁ። ሁለት ነገር ባንዴ አላስብም።

ሁለት ሻለቃ ከኮረብታው ወደ ወፍጮ ቤቱ አውርጃለሁ።

አባትሽ

---

ጥቅምት 27

አባባ፣

እንደ ድሮ ደብዳቤ ጸሐፊ በሰማይ ኮከብ፣ በባሕር አሸዋ ቁጥር ሰላም ልልዎ ነበር፤ «ማን ቆጠረውና» ይሉኛል ብዬ ተውኩት። እንዴት ነዎት? «ያው ነው» እንዳይሉኝ። እናቴ «ያው ነው» ያለች ጊዜ ነበር ሐኪም የምንጠራው።

የታሸገውን ትእዛዝዎን ጊዜው ሲደርስ ከፈትኩት። የድልድዩን የእኔን ጫፍ ነው የመቱት፤ አንድ ሻለቃ አለቀብኝ። በካርታው ላይ ሻለቃ ሆነው የቆሙትን የካፖርት አዝራሮቼን ለቅሜ ሣጥን ውስጥ ከተትኩ። ጋጋሪው ባሌ ጊዜው ሳይደርስ ወረቀቱን ብርሃን ላይ ሊያነሣው ሲል እጁን መታሁት። «የገዛ አባትሽን ማታለል ምን ነውር አለው?» ብሎ ሳቀብኝ። ካርታው የምግብ ጠረጴዛውን ስለያዘው እሱ ከወንዙ ማዶ ሾርባውን ይጠጣል፣ እኔ ከወዲህ። አንድ ቀን ማንኪያው ሲንጠባጠብበት ወፍጮ ቤትዎ በጎርፍ ተወሰደ።

እሱም የሚገኘው በእሑድ ነው። ሌሊት ይጋግራል፣ እኔ ሳይነጋ መናኸሪያ ገብቼ ትኬት እቆርጣለሁ። እሱ ሲገባ እኔ ስወጣ በር ላይ እንገናኛለን፤ «ቁልፉን ይዘሻል?» «ይዣለሁ» ተባብለን እንለያያለን።

ባለፈው እሑድ ወንድሙ ቤት ሄደን የኮምፒዩተር የጦርነት ጨዋታ አሳዩኝ። አባባ፣ ቢያዩት! የወታደሩ ጫማ ማሰሪያ ሳይቀር ይታያል። መድፍ ሲፈልጉ ቦታውን በጣት ጫን ማድረግ ነው፤ ወዲያው እንደ በረዶ ይወርዳል። ቀናሁ ብልዎ አይቆጡ። እኛስ መድፉ በዚያው ደብዳቤ እንዲተኮስ ብናደርግ ምን ይለናል? ሲጠሩት የሚደርስ መድፍ አንድ ጊዜ ማየት አምሮኛል። ጨዋታውም ቶሎ ያልቃል።

ማለቁን የምፈልገው ስለ ክፍሉ ነው። ያከራየችን ሴትዮ ለእህቷ ልጅ ፈልጋዋለች። አባቴ ይመጣል አልኳት። መቼ? አለችኝ። ጦርነቱ ሲያልቅ አልኩ። ሴትዮዋ ደንግጣ «የትኛው ጦርነት?» አለችኝ።

ይምጡ። እዚያ ቤት ውስጥ ከግድግዳ በቀር ማን ያናግርዎታል?

ልጅዎ

---

ኅዳር 18

ልጄ፣

ያው ነው። ጽሕፈቴ ቢንጋደድብሽ እስክሪብቶው ነው። ትንሽ ተደናቅፌም ነበር፤ ቁም ነገር አይደለም።

ስለ ኮምፒዩተሩ ጨዋታ የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ሁለቱንም ጊዜ ተናደድኩ። ጣት ጫን ሲያደርጉ ከሰማይ እሳት የሚወርድ ከሆነ ያ መድፍ አይደለም፤ ተአምር ነው። ተአምር ያለው ሰው ደግሞ ጦርነት አያስፈልገውም። የጫማ ማሰሪያ አስመስሎ ጊዜን የዋሸ፣ ሁሉን ዋሽቷል።

በእውነት የሚሆነውን ልንገርሽ። አንድ ሻለቃ መንደር ዳር ተኩስ ተከፍቶበት መሬት ይዞ ይተኛል። አዛዡ መድፍ ይፈልጋል። መድፎቹ የእሱ አይደሉም፤ የክፍለ ጦሩ ናቸው፤ በዚያው ሰዓት ጎረቤቱ ያለው ሻለቃም ይጮኻል። ለእሱ ተፈቀደለት እንበል። ተመልካቹ ኢላማውን ካርታ ላይ ይፈልጋል፤ ካርታው ያረጀ ነው። በስልክ ይናገራል፤ ስልኩ ሠራ እንበል። የመጀመሪያው ጥይት ይተኮሳል፤ በጭሱ ምክንያት የት እንደወደቀ አይታይም። ሁለት መቶ ጨምሩ ይላል፤ መቶ ቀንሱ ይላል። ልክ ኢላማው ላይ ሲደርስ ጠላት የለም። ወይም የራሳችን ሰዎች መጠበቅ ሰልችቷቸው እዚያው ደርሰዋል። ይህን ያልኩሽ ሁሉ ነገር በሥርዓት የሄደበትን ቀን ነው።

በሰዓት የታቀደ ድብደባም አለ። መድፎቹ በዚህ ሰዓት ይህን መስመር፣ በዚያ ሰዓት ያንን መስመር ይመታሉ ተብሎ አስቀድሞ ይጻፋል። እግረኛው ከሰዓቱ ከቀደመ የራሱ ጥይት ይበላዋል። ከዘገየ ድብደባው ጥሎት ያልፋል፤ ጠላትም ከጉድጓዱ ወጥቶ ይቀበለዋል። ቆዩ ቢላቸው የሚሰማው የለም። ስለዚህ ትእዛዝ አይሰረዝም ያልኩት ከክፋት አይደለም። በዚያው ደብዳቤ ይተኮስ ያልሽው አይሆንም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ለምን በጎረቤቴ በፀጉር አስተካካዩ ስልክ እንደማልደውል ከዚህ ቀደም ጠይቀሽኝ ነበር። ዕድሜዬን በሽቦ አሳልፌአለሁ፤ በጦሩም፣ ከጦሩ በኋላም በስልክ መሥሪያ ቤቱ። ሰው በሽቦ ሲያወራ የሚናገረውን አስቀድሞ አያስብም። ሁሉም «ሃሎ፣ ሃሎ፣ ይሰማል?» ብቻ ነው። ደብዳቤ የጻፈ ሰው ግን ያለውን ብሏል።

ለክፍሉ አትቸኩዪ። ሴትዮዋ ትጠብቅ። መልሴን መቼ እንደምሰጥ ነግሬሻለሁ። ግድግዳው የማይጠየቀውን አይጠይቀኝም፤ ተስማምተን እንኖራለን።

ወፍጮ ቤቱን ለቅቄ ወደ ጫካው ገብቻለሁ።

አባትሽ

---

ታኅሣሥ 9

አባባ፣

እስክሪብቶ ጽሕፈትን ወደ ግራ አያንጋድድም። ያ የግራ እጅ ጽሕፈት ነው። ፀጉር አስተካካዩ ጋ ደወልኩ፤ «አባትሽ እንዳልነግርሽ አስምሎኛል» አለኝ። መሐላውን አልጣሰም፣ ግን እኔም የገባኝ ገብቶኛል። ሰው ቁም ነገር ላልሆነ ነገር ጎረቤቱን አያስምልም። ቀኝ እጅዎ ምን ሆነ? ማን ያበስልልዎታል? ሸሚዝዎን ማን ይቆልፍልዎታል? ይኼኔ ሸሚዙን ትተው በሹራብ ብቻ ነው የሚውሉት።

መድፎቼ በመጨረሻ ወፍጮ ቤቱን መቱ። እርስዎ ደግሞ ያን ጊዜ ጫካ ገብተዋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ስሥቅ ቆይቼ ሳላስበው ሣቁ ጠፋብኝ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ እየፈራሁ ነው የምጠይቅዎ። ከልጅነቴ ጀምሮ መድፍ እንደሚዘገይ አስተምረውኛል፤ አምኜዎታለሁ፤ አሁንም አምናለሁ። ግን ስንት ወር ሙሉ አንድ ድልድይ ለመሻገር ስንታገል ከርመናል። መልሴን ጨዋታው ሲያልቅ እሰጥሻለሁ ይሉኛል፤ ጨዋታው እንዳያልቅ ደግሞ ሕጉ አለ። አባባ፣ መድፉ የሚዘገየው እውነቱ እንዲያ ስለሆነ ነው ወይስ አልመጣም ላለማለት ነው? ወይስ ጨዋታው ካለቀ ደብዳቤዬ የሚቀርብዎ መስሎዎት ነው? የመጨረሻው ከሆነ ይንገሩኝ፤ ያለ ጨዋታም እጽፋለሁ።

ጋጋሪው በሌላ ከተማ ትልቅ ዳቦ ቤት ሥራ አግኝቻለሁ ይላል። አብረን እንሂድ አላለኝም። «እስቲ መጀመሪያ ልየው» ነው ያለኝ። እኔም «እየው» አልኩት። ይህን ያህል ነው የተነጋገርነው፤ በር ላይ።

ሴትዮዋ ስለ ክፍሉ ቁርጡን ንገሪኝ ብላኛለች። ልስጣት ወይስ አልስጣት? ይህን ብቻ ይመልሱልኝ።

የታሸገው የመድፍ ትእዛዜ ውስጡ አለ። እግረኞቼ የትም አይሄዱም።

ልጅዎ

---

ጥር 2

ልጄ፣

እጄ የተሰበረው አንጓው ላይ ነው፤ ጤና ጣቢያ ታስሯል፤ ይድናል። የማበስለው እኔው ነኝ። ሹራብ ስለመልበሴ የነገረሽ ካለ ፀጉር አስተካካዩ መሐላውን በልቷል ማለት ነው፤ ካልነገረሽ ደግሞ ተይው።

ለጠየቅሽኝ። የመድፍ መዘግየትን ሕግ የጻፍኩት አንቺ ሳትወለጂ ነው። ካንቺ ደብዳቤ የምጠብቅበት ምክንያት ባልነበረበት ዘመን ማለት ነው። እናትሽን ጠይቂ እንዳልልሽ የለችም፤ ግን እሷም ስንት ጊዜ ለምናኛለች፤ ለእሷም አልለወጥኩም። ሕጉ ስለ አንቺና ስለ እኔ አይደለም። ስለ መድፍ ነው። ሰው ስለፈለገ ጥይት ቶሎ አይደርስም፤ ሰው ስለፈራም አይዘገይም። አልመጣም ማለት ብፈልግ አልመጣም እላለሁ። በሕይወቴ እንቢ ለማለት አዝራር አስቀድሜ አላውቅም።

ደብዳቤ የቀረብኝ እንደሆነም አልሞትም።

ስለ ክፍሉ፣ ቤቱ የእናንተ ነው፤ እንደወደድሽ አድርጊ። ስለ ባልሽ፣ ሰው ሥራ ባለበት ይሄዳል። ሄዶ ይየው።

የታሸገው ትእዛዝሽ ከሰዓቱ ሥር ተቀምጧል። በሚቀጥለው ደብዳቤሽ ይከፈታል። ከጫካው አልወጣሁም።

አባትሽ

---

ጥር 24

አባባ፣

እንደምን ከረሙ? እጅዎን ይማርልዎ።

እግረኞቼ ባሉበት ናቸው። የመድፍ ትእዛዝ የለኝም። ክፍሉን ለሴትዮዋ ሰጥቻለሁ።

መናኸሪያው ሰላም ነው።

ልጅዎ

---

የካቲት 10

ልጄ፣

አጭሯ ደብዳቤሽ ደረሰችኝ። ሕጉ ስለፈቀደልኝ የታኅሣሡን ትእዛዝሽን ከፈትኩ። «ኢላማ፦ የእርሻ ቤቱ» ይላል። መጀመሪያ የተሳሳትሽ መሰለኝ። መነጽሬን ጠርጌ ካርታውን አየሁ። በዚህ ካርታ ላይ አንድ የእርሻ ቤት ብቻ ነው ያለው፤ አንቺ የምታዢበት፣ ትልቋን አዝራር ያኖርሽበት። መድፍ የጠራሽው ራስሽ ላይ ነው።

ይህን ትእዛዝ በዕድሜዬ አንድ ጊዜ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ተመልካቻችን ጥርሱ ፍንጭት የሆነ፣ ሲያወራ የሚሥቅ ልጅ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት በስልኩ የገዛ ጉድጓዱን የካርታ ቁጥር ነገረኝ። ድገም አልኩት። ደገመ። እንደሚጮኽ ሰው አልነበረም፤ ዕቃ ግዙልኝ ብሎ እንደሚያዝ ሰው ቀስ ብሎ ነው የተናገረው። እንዲህ ያለ ትእዛዝ የሚሰጥ ሰው ተከቧል፤ የሚመለስበት መንገድ የለውም፤ ሌላ የሚጠራው ነገርም አልቆበታል። የመድፍ አዛዡ አንድም ጥያቄ ሳይጠይቅ ገባው። እኔም ገብቶኛል፤ ወረቀቱ ግን ስንት ጊዜ ከሰዓቱ ሥር ከረመ። ሰዓቱን በሞላሁ ቁጥር አየው ነበር።

ከዚያ በኋላ ደብዳቤዎችሽን ከመጀመሪያው ጀምሬ አነበብኳቸው። ይምጡ ያልሽኝ ለእኔ ብለሽ መስሎኝ ነበር። ሽማግሌ ብቻውን ነው፣ እጁን ሰበረ፣ ማን ያበስልለታል፤ እንዲያ ነበር የመሰለኝ። ለራስሽ እየጠራሽኝ እንደሆነ አላየሁም።

እመጣለሁ። ጨዋታው አላለቀም፤ ይሁን። ሕጉ አልተሻረም፤ የምንቀሳቀሰው እኔ ነኝ። ክፍሉን የሴትዮዋ የእህት ልጅ ከያዘችው ከወጥ ቤታችሁ ጥግ ይበቃኛል፤ ከወታደርነቴ ጀምሮ በጥግ መተኛት አውቅበታለሁ። ቤቱን ለፀጉር አስተካካዩ አደራ እሰጣለሁ። መልስሽ እንደደረሰኝ እነሣለሁ።

አባትሽ

---

የካቲት 12

አባባ፣

ይህን የምጽፍልዎ አድራሻዬን እንዲያውቁት ነው። ወደ ድሮው ቤት አይጻፉልኝ፤ ለቅቄአለሁ። ለታኅሣሡ ደብዳቤዬ ከመለሱልኝ ወዲህ ከእርስዎ ምንም አልደረሰኝም፤ ተቀይመውኝ ይሆናል። ቢቀየሙም አልፈርድብዎትም።

ጋጋሪው ሄዶ ሥራውን አየው። አልተመለሰም። ደብዳቤም አይጽፍም፤ እሱ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው አይደለም። በወንድሙ በኩል ልብሶቹን አስወሰደ። አልተጣላንም። ሁለታችንም በር ላይ እየተላለፍን ስንኖር አንድ ቀን አንደኛው ሳይመጣ ቀረ፣ ይኸው ነው። ክፍሉን የሰጠሁ ሰሞን ነው የሆነው። ብቻዬን ሆኜ ያን ቤት መያዝ አልቻልኩም፤ የሴትዮዋ የእህት ልጅ አሁን ሁሉንም ይዛዋለች።

እዚህ ከመናኸሪያው ጀርባ ሴት ሠራተኞች የሚያድሩበት ክፍል አለ። አራት አልጋ ነው፤ የእኔ በመስኮቱ በኩል ነው። ሴቶቹ ደጎች ናቸው። አንደኛዋ ታንኮራፋለች፤ ሌላዋ ሲነጋ «ያንኮራፋሽው አንቺ ነሽ» ትለኛለች። ካርታውን ጠቅልዬ ከአልጋው ሥር አስገብቼዋለሁ፤ የሚዘረጋበት ጠረጴዛ የለም።

ወደ እርስዎ ልምጣ ብዬ አስቤ ነበር። ግን ከትኬቱ መስኮት ከተነሣሁ ሌላ ሥራ የለኝም፤ እርስዎ ደግሞ የምትጦረውን ልጅ ሳይሆን የምትሠራውን ልጅ ነው ያሳደጉት። እርስዎም እንዲመጡ አልጠራዎትም፤ የምጠራዎት ቤት የለኝም።

አይጨነቁ። እጅዎ ተፈታ?

ልጅዎ

---

የካቲት 29

ልጄ፣

አዲሱ አድራሻሽ ደረሰኝ። አልተቀየምኩሽም። በየካቲት አስር ጽፌልሽ ነበር፤ ወደ ድሮው ቤት ነው የሄደው። ያቺ የእህት ልጅ ተቀብላው ይሆናል፤ ከፍታውም ይሆናል። እመጣለሁ የሚል ነው። በወጥ ቤት ጥግ እተኛለሁ የሚልም አለበት። ስታነብ ምን እንደመሰላት አላውቅም።

አንቺ እሱን ሳታዪ ጻፍሽልኝ፤ እኔ ያንቺን ሳላይ ጻፍኩልሽ፤ በመንገድ ተላለፉ። ለእሱ የምወቅሰው ሰው የለም። ከእኔ በቀር።

በጨዋታው በኩል፣ ትእዛዝሽ ተፈጽሟል። መድፎችሽ የእርሻ ቤቱን መቱ፤ ትልቋን አዝራር አነሣሁ። ሕጉ ስለሆነ ነው ያነሣኋት። ካርታው ከነአቧራው እንዲቀመጥ ጠረጴዛውን ትቼለት በጉልበቴ ላይ እበላለሁ።

ወደዚህ ነይ አልልሽም። ሥራን ትቶ መምጣት እኔም አላደርገውም ነበር። እኔ ግን እመጣለሁ። አልጋ እንደሌለሽ አውቃለሁ፤ አልጋ አልፈልግም። በጠዋቱ አውቶብስ ደርሼ በማታው እመለሳለሁ። የሥራ ቀንሽ ቢሆንም ግድ የለም፤ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብዬ ትኬት ስትቆርጪ አይሻለሁ። እንዳልመጣ ልትጽፊልኝ ብታስቢ ደብዳቤሽ ሳይደርስ ተነሥቻለሁ። የመጋቢት የመጀመሪያው ማክሰኞ።

አባትሽ

---

መጋቢት 17

ልጄ፣

በሰላም ገብቻለሁ። በዚያው ማታ ልጽፍልሽ ተቀምጬ ነበር፤ አልመጣልኝም። አሁንም የምጽፈውን አስቤ አልጨረስኩትም፤ እንዲሁ ጀመርኩት።

ከስተሻል። በፊትሽ አላልኩሽም፤ በመስኮቱ ፊት ሰልፍ ስለነበረ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ዳቦ ስንቆርስ ልነግርሽ ያሰብኩት ብዙ ነበር፤ መንገድ ላይ እያሰብኩት፣ በልቤ እየደረደርኩት ነበር የመጣሁት። ሳይሽ የተናገርኩት ስለ አውቶብሱ ጎማ ነው። አንቺም ስለ ጎማው ጠየቅሽኝ። እንዲህ ሆነን ቀኑ አለቀ። አንድ ጊዜ የታሰረውን እጄን አንሥተሽ ገልብጠሽ አየሽው፤ ጤና ጣቢያ ካሉት ሁሉ በደንብ ያየሽው አንቺ ነሽ።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት ትኬቷ ተሳስቶባት ስትጮኽብሽ አየሁ። አንቺ አልጮኽሽም። ቀስ ብለሽ፣ አንዴ ሁለቴ እየደጋገምሽ አስረዳሻት፤ ሴትዮዋ እየሳቀች ሄደች። ይህን ከማን እንደተማርሽው አላውቅም። ከእኔ አይደለም።

አሁን ይህን ደብዳቤ የጻፍኩበት ጉዳይ። አውቶብሱ ሲንቀሳቀስ በመስታወቱ ሥር መጥተሽ አንድ ነገር ተናገርሽ። ሞተሩ እየጮኸ ነበር፤ መስታወቱ ዝግ ነበር፤ የሚከፈትበትን ነገር ፈለግሁ፣ ተሰብሯል። አፍሽ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ረጅም ነገር ነው ያልሽው። በመጨረሻ የምትጠይቂ ይመስል መልስ ጠበቅሽኝ። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። አንቺ ፊትሽን በእጅሽ ሸፈንሽ፤ ከዚያ አውቶብሱ ታጠፈ።

አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ «ልጅዎ ናት?» አለኝ። አዎን አልኩት። «ምን አለችዎት?» አለኝ። የመስታወቱን መክፈቻ ደግሜ ነካካሁ። እሱም ደግሞ «እሺ ሲሏት አየሁ» አለኝ። እሺ ብያታለሁ አልኩት።

በሕይወቴ ሳልሰማ እሺ ያልኩት ነገር ይህ ብቻ ነው። እሺ ካልኩ ደግሞ አልመለስም፤ ራስ መነቅነቅም ቃል ነው። ወደዚያ ጠቅልዬ እንድመጣ ይሁን፣ አንቺ ወደዚህ እንድትመጪ ይሁን፣ ቤቱን እንድሸጠው ይሁን፣ ከእንግዲህ ደብዳቤ እንዳልጽፍልሽም ይሁን፣ ተስማምቻለሁ።

ምን እንደሆነ ግን ጻፊልኝ። የምፈጽመውን ማወቅ አለብኝ።

አባትሽ